ወፍ ዘራሹ በርበሬ

ባለፈው ዕትም ስለ ጉንዳን የጻፈው የክበባችን ልጅ ብዙ አንባቢ ስላገኘ እኔም ቀናሁና ልጽፍ ተነሣሁ። የምጽፈው ስለ በርበሬ ነው። «ስለ በርበሬ ደግሞ ምን ይጻፋል? ወጥ ውስጥ ይገባል፣ አለቀ!» ያለኝ ጓደኛዬ ይህን እያነበበ እንደሆነ አውቃለሁ። ቆይ ብቻ፣ ትንሽ ታገሠኝ።

ነገሩ የጀመረው በእኛ ጓሮ ነው። ከአጥራችን ጥግ፣ ግራዋው ሥር፣ አንዲት የሚጥሚጣ ተክል አለች። ማንም አልተከላትም። አያቴን «እማማ፣ ይቺን ማን ተከላት?» ብዬ ብጠይቃት «ወፍ ዘራሽ ናት» አለችኝ። ወፍ ዘራሽ ሲባል እኔ «ባለቤቱ ያልታወቀ» ማለት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቃሉ እንዳለ እውነት ኖሯል! ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።

እማማ ከዚያች ተክል የምትለቅመውን ሚጥሚጣ በሰፌድ ታሰጣና ሲደርቅ ወቅጣ ጉሊት ላይ በስኒ እየሰፈረች ትሸጣለች። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ግን የእኔና የታናሽ ወንድሜ ደብተርና እስክሪብቶ ከእሱ ነው የሚገዛው። ታዲያ ሚጥሚጣው መቅላት ሲጀምር ወፎች ይመጣሉ። ቀዩን እየመረጡ ለቀም፣ ዋጥ! አንድ ፍሬ በበሉ ቁጥር ከደብተሬ አንድ ገጽ የገነጠሉብኝ ያህል ነበር የምናደደው። ስለዚህ የጥበቃ ሥራውን ራሴ ለራሴ ሰጠሁና ወንጭፍ ሠርቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ደጃፍ ላይ እቀመጥ ጀመር።

ብዙ ጊዜ እስት ነበር። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ግን አልሳትኩም። ጭንቅላቷ ጠቆር ያለ ቡናማ ወፍ ነበረች፤ ሄጄ ሳነሣት ገና ትሞቃለች። ምንቃሯ ላይ የሚጥሚጣ ልጣጭ ተጣብቋል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አላለኝም። እማማ ሳታየኝ አጥሩ ሥር ቆፍሬ ቀበርኳት። ለእማማ እስካሁን አልነገርኳትም፤ ይህን መጽሔት ማንበብ ስለማትችል በእናንተው ይቅር።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ይቺ ወፍ ሚጥሚጣውን ያለ እንጀራ፣ ያለ ውኃ፣ እንዲያው ደረቁን ስትውጥ አያቃጥላትም ወይ? ታናሽ ወንድሜ አንድ ጊዜ ሚጥሚጣ በነካ እጁ ዓይኑን አሽቶ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አልቅሷል። ወፏ ግን በልታ ትሄዳለች፣ ደግሞ ተመልሳ ትመጣለች። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እጄን አውጥቼ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። አንዱ «ወፍ ምላስ የላትም!» አለ። ሌላዋ «ምንቃር እንደ ጥፍር ስለሆነ አይሰማም» አለች። መምህራችን ግን አልሳቁም። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አንብቤ እነግራችኋለሁ» አሉንና ከሁለት ቀን በኋላ ስለ አንድ የዱር በርበሬ የሚናገር ጽሑፍ ይዘው መጡ። ስሙ ቺልቴፒን ይባላል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ከእሳቸው የሰማሁትንና በኋላ አብረን ያነበብነውን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትምታቱ።)

ቺልቴፒን የዱር በርበሬ ነው። የዱር ስል ማንም ሳይዘራው፣ ሳይኮተኩተው፣ ውኃ ሳያጠጣው በራሱ የሚኖር ማለቴ ነው። አገሩ የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ከአሪዞናና ከቴክሳስ ይጀምርና ሜክሲኮንና መካከለኛው አሜሪካን አቋርጦ እስከ ኮሎምቢያ ድረስ ይገኛል። ሙሉ ሳይንሳዊ ስሙ ካፕሲከም አኑም ግላብሪየስኩለም ነው። ይህን ስም ሦስት ጊዜ ሳይሳሳት የሚጠራ ካለ ክበባችን እስክሪብቶ ይሸልመዋል። ከፊት ያሉት ሁለቱ ቃላት፣ ካፕሲከም አኑም የሚሉት፣ የቃሪያና የወጥ በርበሬ ስምም ናቸው። ለምን አንድ ሆኑ? ምክንያቱም ቃሪያውም፣ በርበሬውም፣ የማያቃጥለው ትልቁ የፈረንጅ ቃሪያም የዚህ የዱር በርበሬ የልጅ ልጆች ናቸው። ሚጥሚጣም የቅርብ ዘመድ ናት። ትንሽ ራቅ ብለን ደግሞ ቲማቲምን፣ ድንችንና ትምባሆን እናገኛለን፤ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው።

መልኩን ልንገራችሁ። ቁጥቋጦ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ ይሆናል። አበባው ነጭና ትንሽ ነው። ፍሬው ክብ ወይም ትንሽ ሞላላ ሆኖ ከአተር ብዙም አይበልጥም፣ 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ሲበስል ደማቅ ቀይ ይሆናል። (ሥዕሉን የሣለችልኝ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቀዩ ቀለም ስላለቀባት የመምህራችንን ማረሚያ እስክሪብቶ ተውሰናል።) ስሙ የመጣው ናዋትል ከሚባለው የጥንት የሜክሲኮ ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙ «የቁንጫ በርበሬ» እንደ ማለት ነው። እኔ ስሙን ወድጄዋለሁ። ቁንጫም ትንሽ ናት፤ ግን ስትነክስ ትንሽ አይደለችም።

አሁን ልብ በሉ፣ ሁለት ነገሮች አሉ። የቺልቴፒን ፍሬ እንደ ቃሪያ ወደ ታች አይንጠለጠልም፤ ከቅጠሉ በላይ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ያያል። ሌላው፣ ሲበስል ከእንጨቱ ለመላቀቅ ነካ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ቃሪያ ስትቀጥፉ ጎትታችሁት፣ አንዳንዴም ቅርንጫፉ አብሮ ይሰበራል አይደል? ቺልቴፒን እንደዚያ አያስቸግርም። ቀይ ነው፣ ከላይ ነው፣ ቶሎ ይለቃል። ለማን የተዘጋጀ ይመስላችኋል? ከላይ ሆኖ ለሚያይ፣ ቀይ ቀለም ለይቶ ለሚያውቅ፣ እጅ ለሌለው፣ በምንቃሩ ለቀም አድርጎ ለሚበር።

ግን ለወፍ የተዘጋጀ ከሆነ ለምን ያቃጥላል? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ብዙ ሰው ፍሬዋ ውስጥ ያለችው ዘር ናት የምታቃጥለው ይላል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። ስህተት ነው። ካፕሳይሲን የሚመረተው ዘሮቹ በተያያዙበት በነጩ ሥጋ ውስጥ ነው። ዘሯ የምታቃጥለው ከእሱ ጋር ተነካክታ ስለምትኖር ነው።

አሁን ደግሞ የሚገርመውን ስሙ። ሚጥሚጣ ስንበላ አፋችን የተቃጠለ ይመስለናል እንጂ ምንም የተቃጠለ ነገር የለም! በምላሳችንና በቆዳችን ነርቮች ላይ ሙቀትን የሚጠብቅ ትንሽ በር አለ። የሚነካን ነገር ሙቀቱ 43 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ በሩ ይከፈትና ወደ አንጎል «እሳት! እሳት!» የሚል መልእክት ይሄዳል። ካፕሳይሲን ደግሞ ለዚያ በር እንደ ተመሳሳይ ቁልፍ ነው። እሳት ሳይኖር በሩን ይከፍተዋል። አንጎላችን በቃ ተታለለ፤ ላብ ያስልበናል፣ እንባ ያስወርደናል፣ ንፍጥ ያመጣብናል። ይህን በር በ1997 ያገኘው ቡድን መሪ ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ሲሆን በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሽልማቱን ያገኘው በቃሪያ በኩል ነው ማለት ይቻላል!

እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅማችሁ ነገር ልጨምር። አፋችሁ ሲቃጠል ውኃ ብትጠጡ ብዙም አይረዳም፤ ምክንያቱም ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፣ እንዲያውም በአፍ ውስጥ ይሰራጫል። ወተት ወይም እርጎ ይሻላል። እጃችሁን ከሆነ መጀመሪያ በዘይት አሹት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ዓይን ከገባ ግን ዘይት የለም፣ ማሸትም የለም፤ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። ወንድሜ ያን ቀን እያሸ ነው ያባሰው።

የበርበሬን የማቃጠል ኃይል ለመለካት ዊልበር ስኮቪል የሚባል የመድኃኒት ባለሙያ በ1912 አንድ ዘዴ አምጥቶ ነበር። የበርበሬውን ጭማቂ በስኳር ውኃ እያቀጠነ ለቀማሾች ይሰጣቸዋል። ማቃጠሉ እስኪጠፋባቸው ድረስ ስንት እጥፍ እንደቀጠነ ይቆጥራል። በዚህ አቆጣጠር የፈረንጅ ቃሪያ 0 ነው። ሃላፔኞ የሚባለው የሜክሲኮ ቃሪያ ከ2,500 እስከ 8,000 ይደርሳል። ቺልቴፒን ከ50,000 እስከ 100,000! ያቺ አተር የምታክል! ግን የቀመሱት ሰዎች እንደሚሉት ቶሎ ይለበልባል፣ ቶሎ ደግሞ ይበርዳል። (የቀማሽነት ሥራ ቢሰጠኝ እኔ አልቀበልም።)

ወደ ወፏ ልመለስ። ያ የነርቭ በር ወፎችም አላቸው፤ እነሱም ትኩስ ነገር ሲነካቸው ይሰማቸዋል። ነገር ግን የእነሱ በር ቅርጹ ትንሽ ስለሚለይ የካፕሳይሲን ቁልፍ አይገባበትም። ስለዚህ ወፍ ሚጥሚጣ ስትበላ ለእሷ እንደ ማንኛውም ፍሬ ነው። የምታቃጥለው እኛን፣ አይጥን፣ ውሻን፣ በጠቅላላው አጥቢ እንስሳትን ነው።

ታዲያ ተክሉ ወፍን ጠርቶ አይጥን ለምን ያባርራል? ይህን ጆሽ ተክስበሪና ጋሪ ናብሃን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሪዞና ቺልቴፒን ላይ አጥንተው በ2001 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ምንቃሯ ቁልቁል የታጠፈ ግራጫማ ወፍ አለች፤ ቺልቴፒኑን ደስ ብሏት ትበላለች። የአካባቢው አይጦች ግን አይነኩትም። ከዚያ ተመራማሪዎቹ አንድ ብልሃት ፈጠሩ። የማያቃጥል የዱር በርበሬ ፈልገው ለወፎቹም ለአይጦቹም ሰጡ። በኋላ ከኩሳቸው ዘሩን እየለቀሙ ዘሩት። በወፍ ሆድ ያለፈው ዘር በደንብ በቀለ። በአይጥ ሆድ ያለፈው አንድም አልበቀለም፤ አይጥ በጥርሷ ትፈጨዋለቻ! ወፍ ግን ጥርስ ስለሌላት ዘሩን ሳትጎዳ ታሳልፈዋለች።

ሌላም አለ። የቺልቴፒን አገር በረሃማ ነው። ፀሐዩ ያደርቃል፣ በክረምት ሌሊት ውርጭ ይመታል። ትንሽ ችግኝ ሜዳ ላይ ብትበቅል አትኖርም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በእሾሃማ ቁጥቋጦና በዛፍ ጥላ ሥር ነው። አንዱ ዛፍ መስኪት ይባላል፤ በእኛ አገር አፋር ውስጥ የግጦሽ መሬት እየወረረ አርብቶ አደሮችን ያስቸገረው ፕሮሶፒስ የእሱ ዘመድ ነው፣ ከዚያው ከአሜሪካ የመጣ። እዚያ በአገሩ ግን ለቺልቴፒን እንደ ሞግዚት ነው። ዘሩን ጥላው ሥር ማን ያደርስለታል? ወፏ ናታ! በልታ ዛፉ ላይ ታርፋለች፣ ዘሩን ከነማዳበሪያው ከሥሩ ትጥላለች። መምህራችን ይህን ሲያነቡልን እኔ ያሰብኩት ግራዋችንን ነው። ሚጥሚጣችን የበቀለችው በትክክል ወፎቹ ከሚያርፉበት ግራዋ ሥር ነው። እኔ በወንጭፍ የመታኋት ወፍ ወይም እናቷ፣ ወይም አያቷ፣ ደብተሬን ስትገዛልኝ የኖረች ነበረች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እኔም ሙከራ አደረግሁ። ጥቂት የተቀቀለ በቆሎ በሚጥሚጣ ለውሼ ለዶሮአችን ሰጠኋት። ዶሮም ወፍ ናት፣ አይደል? ጠራርጋ በልታ «ጨምር» እንደማለት አየችኝ። ማታ ደግሞ አይጥ የሚመላለስበት ጓዳ ውስጥ በሁለት ክዳን ስንዴ አስቀመጥኩ፤ አንዱ ባዶውን፣ አንዱ በሚጥሚጣ የታሸ። ጠዋት ስነሣ ባዶው አልቋል። የሚጥሚጣው ተበትኗል እንጂ አልተበላም። እርግጥ የአንድ ሌሊት ሙከራ ነው፤ ተመራማሪ ነኝ አልልም። በውጭ አገር ግን የአእዋፍ ምግብ ሽኮኮ መሰል እንስሳት እንዳይሰርቁት በቃሪያ ተለውሶ ይሸጣል። እማማ የጎደለባትን ሚጥሚጣ አይታ ከእኔ የደብተር ሒሳብ ቆርጣዋለች።

ከዱር ወደ ጓሮ እንዴት ገባ? በሜክሲኮ ሰዎች ከ6,000 ዓመታት በፊት ጀምሮ በርበሬን እየዘሩ አላመዱት። በየዓመቱ ዘር የሚያስቀሩት ትልቁን፣ ብዙ ሥጋ ያለውን፣ ሲበስል የማይረግፈውን፣ ወደ ታች የሚንጠለጠለውንና በቅጠል የሚሸፈነውን ነበር። ወደ ታች የተንጠለጠለ ፍሬ ወፍ ቶሎ አያየውማ! በሌላ አነጋገር ሰው በርበሬን ከወፍ ላይ ነጠቀው። የእኛ ሚጥሚጣ ግን ዛሬም ፍሬዋን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ትይዛለች። ሄዳችሁ እዩ፤ ያኔ የዱር ጠባይዋን እንዳልረሳች ይገባችኋል።

ኮሎምበስ በ1492 ወደዚያ ሲሄድ ቁንዶ በርበሬ ፍለጋም ላይ ነበር። ቁንዶ በርበሬ ሌላ ተክል ነው፣ አገሩም ሕንድ ነው። ይህን የሚያቃጥል ቀይ ፍሬ ሲያገኙ በቁንዶ በርበሬ ስም ጠሩት፤ ስህተቱም እስከ ዛሬ በአውሮፓ ቋንቋዎች ቀርቷል። አንፍረድባቸው፣ እኛም ሁለቱንም በርበሬ ነው የምንለው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ከአሜሪካ አህጉር ውጪ ቃሪያም በርበሬም የቀመሰ ሰው አልነበረም። አገራችንም ቢሆን። ለእማማ «ድሮ ዶሮ ወጥ በርበሬ አልነበረውም» ብላት «ሂድ ወዲያ፣ ደግሞ ትምህርት ቤት ይህን ነው የሚያስተምሯችሁ?» አለችኝ።

ዛሬ ቺልቴፒን ችግር ላይ ነው። በሰሜን ሜክሲኮ፣ ሶኖራ በምትባለው ግዛት፣ ቤተሰቦች በመጸው ወደ ተራራ እየወጡ ይለቅሙታል፤ እንደ እማማ አድርቀው ይሸጡታል። አንድ በአንድ መልቀም ግን ጊዜ ይፈጃል። የቸኮለ ሰው ቅርንጫፉን ይቆርጠዋል፣ አንዳንዱም ከነሥሩ ይነቅለዋል። ከብቶችም ይረግጡታል። በ1999 አሪዞና ውስጥ ቱማካኮሪ በሚባል ቦታ 1,000 ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት ለዚሁ ለዱር በርበሬ ተብሎ ተከልሏል። ቴክሳስ ደግሞ በ1997 የግዛቷ አገር በቀል በርበሬ ብላ በሕግ ሰይማዋለች። አርሶ አደር የሚዘራው በርበሬ በሽታ ሲመታው አዳቃዮች የሚቋቋም ባሕርይ ፍለጋ የሚሄዱት ወደ እንዲህ ዓይነቱ የዱር ዘመድ ነው። በ2014 ሳይንቲስቶች የቺልቴፒንን ሙሉ የዘር መልእክት አንብበው ከሚዘራው በርበሬ ጋር አነጻጽረውታል።

በመጨረሻ የእኛን ጓሮ ወሬ ልንገራችሁ። በጥር አጥራችን ሊታደስ ሲል ሠራተኛው ግራዋውንና ሚጥሚጣዋን አብሮ ሊመነጥር መጥረቢያ አነሣ። እኔ ሮጬ ፊቱ ቆምኩ። እማማ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለኝ ስለ ሞግዚቱ ዛፍና ስለ ወፎቹ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ስለ ወንጭፉ ብቻ ዘለልኩት። ዝም ብላ ሰማችኝና ለሠራተኛው «በቃ ያቺን ጥግ ተዋት፣ አጥሩን በዚያ በኩል አዙረው» አለችው። አሁን ስምምነታችን እንዲህ ነው፦ እጃችን የሚደርስበት የታችኛው ቅርንጫፍ የእኛ፣ የላይኛው የወፎቹ።

ልብስ ከምናሰጣበት ገመድ ሥርም፣ ወፎች ከሚያርፉበት፣ ሦስት ትናንሽ ችግኞች በቅለዋል። ሁለቱ አራት አራት ቅጠል አውጥተዋል። ሦስተኛዋን ያቺ በቆሎ በሚጥሚጣ የበላችው ዶሮ ጭራ አወጣቻት።